ጺምን በብረት መላጫ መላጨት፦ ወጪው፣ ጥቅሙና አሠራሩ

አባቴ ጺሙን የሚላጨው ረቡዕና እሁድ ጠዋት ነበር። በረንዳው ላይ ወንበር ያወጣል። መስተዋቱን የመስኮቱ ብረት ላይ ያስደግፋል። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። ሳሙናውን በብሩሽ ሲያሸው አረፋው ከጣሳው አፍ ገንፍሎ ይወጣል። ከዚያ ያቺን ከባድ የብረት መላጫ ያነሣና ከጆሮው ግንድ ጀምሮ ወደ ታች ይስባታል። ክርክር የሚል ቀጭን ድምፅ ነበራት። ሲጨርስ ያገለገለውን ምላጭ ለሁለት ይሰብርና ግማሹን ለእርሳስ መቅረጫ ይሰጠኛል።

እኔ ጺም ማብቀል ስጀምር ግን እሱን መከተል አልፈለግኩም። ከሱቅ የፕላስቲክ መላጫ ገዝቼ፣ ፊቴን በእጅ ሳሙና አርጥቤ፣ በሁለት ደቂቃ ልጭ አድርጌ ወጣሁ። በማግስቱ አንገቴ ሙሉ ችፍ አለ። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ውድ የሚባሉትን ባለ አምስት ስለቶች ሞከርኩ። ባሰብኝ። አንገቴ ላይ ጠቋቁሮ የቀረው ቆዳ እስኪለቅ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንዲለቅ ያደረገው ደግሞ ወደ አባቴ መላጫ መመለሴ ነው።

ስለ ብረት መላጫ፣ ማለትም በሁለቱም ጎኑ የተሳለ ቀጭን ምላጭ እየተቀየረ ስለሚገባበት፣ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ርካሽነቱ ነው። እውነት ነው፤ ስሌቱን ከታች አስቀምጣለሁ። ፀጉሩ ለሚጠቀለል ሰው ግን ከገንዘቡ በፊት የቆዳው ጉዳይ ይቀድማል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ፊታችን ለምን ችፍ ይላል?

የሚጠቀለል ፀጉር ገና ከቆዳ ሳይወጣ የተጠማዘዘ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ስለት ያለው መላጫ የሚሠራው ደግሞ እንዲህ ነው። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይዞ በትንሹ ወደ ላይ ይስበዋል። ፀጉሩ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት የኋለኛው ስለት ይደርስና ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ከቆዳው በታች ይሰምጣል። ፀጉሩ ቀጥ ላለ ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ፊቱ ልስልስ ይልለታል። የእኛ ፀጉር ግን መልሶ ሲያድግ ገና ውስጥ እያለ ጎኑን ይወጋል። ወይም ይወጣና ተጠምዝዞ፣ በሹል ጫፉ ቆዳውን በስቶ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ነው የሚቆጥረው። ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ብዙ ጊዜም ጠቁሮ ይቀራል።

የብረቷ መላጫ በአንድ ጊዜ የምትቆርጠው በአንድ ስለት ብቻ ነው። ፀጉሩን ሳትጎትት ከቆዳው ልክ ትቆርጠዋለች። ለሁሉም ሰው መድኃኒት ናት ማለቴ አይደለም። ችፍታው በጣም የጠናበት ሰው ምንም ዓይነት ምላጭ ሳይነካው በማሽን አሳጥሮ ቢተው ይሻለዋል። ለብዙዎቻችን ግን ልዩነቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ በዓይን ይታያል።

ወጪው ሲሰላ

ዋጋው ለምን እንደሚለያይ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ሰው ተጠቅሞ የሚጥለው፣ ተመልሶም የሚገዛው ነገር መሥራት ይፈልግ ነበር፤ የሠራውም ይህን ተቀያሪ ምላጭና መላጫውን ነው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1901 ጠይቆ በ1904 አገኘ። ገበያ በወጣበት በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። የዚያ የፈጠራ መብት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። የምላጩ ቅርጽ ዛሬ የማንም ነው። የግብፅም፣ የቱርክም፣ የህንድም፣ የጃፓንም ምላጭ አባቴ እጀታ ላይ ልክ ይገባል። ፋብሪካዎቹ እርስ በርስ ስለሚፎካከሩ ዋጋው ወድቋል። ራሱ ብቻ የሚቀየረው መላጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው የራሱን ፋብሪካ ራስ ነው። እጀታውን ገዛህ ማለት ለዓመታት የአንድ ድርጅት ደንበኛ ሆንክ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ገበያ ግምት ልሥራው። ሁለት ቀን አንዴ የሚላጭ ሰው በዓመት ወደ 180 ጊዜ ይላጫል።

ባለ አምስት ስለት ራስ አንዱ 4 ዶላር ገደማ ነው። ስድስት ጊዜ ቢያገለግል በዓመት 30 ራስ፣ 120 ዶላር ይሆናል። በቆርቆሮ የሚሸጠው አረፋ 16 ዶላር ይጨመርበት። 136 ዶላር።

የሚጣለው የፕላስቲክ መላጫ መካከለኛው 1 ዶላር ነው። ሦስት ጊዜ ቢሠራ በዓመት 60 ፍሬ፣ 60 ዶላር። ከአረፋው ጋር 76።

የብረቱ ደግሞ፦ እጀታ 35 ዶላር፣ ብሩሽ 12፣ በዓመት ሁለት ሳሙና 20፣ መቶ ምላጭ የያዘ ፓኮ 12። አንዱ ምላጭ አራት ጊዜ ቢላጭ በዓመት የሚያልቀው 45 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት 79 ዶላር ሆነ። ከፕላስቲኩ አይረክስም፤ እንዲያውም በሦስት ዶላር ይበልጣል። በሁለተኛው ዓመት ግን የምትገዛው ሳሙና ብቻ ነው፤ 20 ዶላር። በሦስተኛው መቶው ምላጭ ስለሚያልቅ ከሳሙናው ጋር ሌላ ፓኮ ትገዛለህ። በሦስት ዓመት ሲደመር ብረቱ 131፣ ፕላስቲኩ 228፣ ባለ አምስት ስለቱ 408 ይመጣል።

አገር ቤት ያለህ አንባቢ የራስህን ዋጋ አስገባበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአንዱን ዋጋ ለስንት ጊዜ እንደላጨህ አካፍለው። ምላጭ በየሰፈሩ ሱቅ አለ። እጀታውን ለማግኘት ግን ትንሽ መዞር ያስፈልግ ይሆናል። ከመዞርህ በፊት የቤትህን ቁም ሳጥን ፈትሽ። የአባትህ ወይም የአያትህ መላጫ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ወስደህ ፈትገው፤ ብረቱ ካልተጣመመና ጥርሱ ካልተበላ እንደ አዲስ ያገለግልሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። በጣም ርካሹን የፕላስቲክ መላጫ የምትገዛና በሳምንት አንዴ ብቻ የምትላጭ ከሆነ ከብረቱ የምታተርፈው ገንዘብ ይህን ያህል አይደለም። እጀታና ሳሙና መሰብሰብ ከጀመርክም ትርፉ እዚያው ያልቃል። አንድ እጀታ፣ አንድ ብሩሽ፣ አንድ ሳሙና ይበቃል።

ምን ምን ትገዛለህ?

እጀታው ሲከፈት ሦስት ቦታ የሚለያይ፣ ከበድ ያለ ይሁን። «ለስላሳ» ወይም «ለጀማሪ» የሚባለውን ምረጥ። ኃይለኛ የሚባሉት ምላጩን አብዝተው ወደ ውጭ ያወጡታል፤ ለአሁኑ ይቆዩህ። ብሩሹ ከሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠራ ቢሆን ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ሳሙናው ለመላጫ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። የእጅ ሳሙና አረፋው ቶሎ ይሞታል፣ ቆዳም ያደርቃል። የእኔ የድሮ ጥፋት ግማሹ እሱ ነበር።

ምላጭ ስትገዛ መጀመሪያ ከሁለት ሦስት ዓይነት ትንንሽ ፓኮ ውሰድ። ለአንዱ የተስማማው ለሌላው አይስማማም። ፊትህ የወደደውን ስታውቅ መቶውን ግዛ።

ወደ ሥራው

በመጀመሪያው ወር እሁድ ጠዋት ላይ ሞክር። ለሥራ እየተጣደፍክ አትማር። የሚያስፈልግህ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ቧንቧ ባይኖርም ችግር የለም፤ አንድ ሳህን ለብ ያለ ውሃና አንድ ጣሳ ይበቃል።

1. የጺምህን አበቃቀል እወቅ። ከተላጨህ ሁለት ቀን ሲሆነው መዳፍህን ፊትህ ላይ ወደ ታች ሳብ። ከለሰለሰህ ፀጉሩ ወደ ታች ነው የሚበቅለው። ከከረከረህ በተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ አብዛኛው ሰው ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ግን አታምነውም። የእኔ በግራ በኩል ወደ ጆሮዬ፣ ከማንቁርቴ በታች ደግሞ ወደ ላይ ይበቅላል። ለዓመታት አንገቴን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ስላጭ እዚያ ቦታ ላይ በተቃራኒው እየሄድኩ ነበር ማለት ነው። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ አውቀህ ብታስተካክል፣ መላጫህን ባትቀይርም ትጠቀማለህ።

2. ፀጉሩን አለስልስ። ፊትህን ለብ ባለ ውሃ ታጠብ። ወይም ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረህ፣ ጨምቀህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊትህ ላይ አድርግ። ውሃ የጠጣ ፀጉር በቀላሉ ይቆረጣል፤ ደረቁ ግን ምላጩንም ይጎዳዋል፣ ቆዳውንም ይጎትታል። አማርኛችን የተበዘበዘን ሰው «በደረቁ ላጩት» የሚለው ያለ ነገር አይደለም።

3. አረፋውን ሥራ። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ንከርና አንዴ አራግፈው። ሳሙናው ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል አሽከርክረው። ከዚያ ፊትህ ላይ በክብ በክብ እሸው። ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረግክ ቀጥል። አረፋው እንደ ጥጥ የደረቀና የተነፋ ከሆነ ውሃ ይጎድለዋል። ወደ አንገትህ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል። የረጋ እርጎ ሲመስልና ሲያብለጨልጭ ደርሷል። ብሩሹ አረፋ ከመሥራት ሌላ የተኛውን ፀጉር ቀና ያደርገዋል፤ ስለዚህ አትቸኩል።

4. ምላጩን አስገባ። እጀታውን አዙረህ ፍታ። ምላጩን የምትይዘው ስለት በሌለው በአጭሩ ጎኑ ነው። በክዳኑና በታችኛው ሰሌዳ መካከል አስቀምጠህ እጀታውን ጠበቅ አድርገህ እሰር። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረህ እይ። በሁለቱም ጎን የሚታየው የስለት መጠን እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ፍታና እንደገና እሰር።

5. ላጭ። ዋናው ቦታ እዚህ ነው፤ ሰው የሚቆረጠውም የሚተወውም እዚህ ላይ ነው።

የመላጫዋን ራስ ጉንጭህ ላይ አስደግፍ። እጀታው መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከፊትህ ቀጥ ብሎ የወጣ ይሁን። በዚህ ሁኔታ አትቆርጥም። አሁን እጀታውን ቀስ እያልክ ወደ ታች ዝቅ አድርግ። ስለቷ ፀጉሩን መያዝ ስትጀምር እዚያ ላይ ቁም። በስለቷና በቆዳህ መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። መለኪያ አያስፈልግህም፤ ድምፁ ይነግርሃል። ያ የአባቴ መላጫ ክርክር ስትሰማው ማዕዘኑን አግኝተሃል።

አትጫን። ፕላስቲኩ ቀላል ስለሆነ እጃችን መጫን ለምዷል። የብረቷን የራሷ ክብደት ይበቃታል። እጀታውን ከታች ጫፉ አካባቢ በሦስት ጣት ያዘው፤ እንዲያ ስትይዘው መጫን ራሱ ያስቸግርሃል። በሌላው እጅህ ቆዳውን ሳብ አድርገህ ወጥረው፤ ግን ለስላሳ እስኪሆን ድረስ አትለጥጠው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠው ፀጉር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያ ደግሞ የሸሸነው ነገር ነው።

ስትስብ አጭር አጭር አድርግ፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር። በየመሀሉ ራሷን ውሃው ውስጥ አራግፋት። ከጉንጭ ጀምር፤ ሜዳ ስለሆነ ይቀላል። ቀጥሎ አንገት፣ በመጨረሻ አገጭና ከንፈር ዙሪያ። እስከዚያ ድረስ አረፋው እነዚህን ጠንካራ ፀጉሮች ያለሰልስልሃል።

ምላጭ ወደ ጎን አይሄድም። በመጀመሪያው ሳምንት አገጬን እየላጨሁ ስልኬ ጮኸ። ዞር ስል እጄም አብሮ ዞረ። ጭረቷ ቀጭን ነበረች፤ ደሙ ግን ሸሚዜ ድረስ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቼ ነው የምገባው። ብትቆረጥ በቀዝቃዛ ውሃ እጠብና ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገህ ሁለት ደቂቃ ያዝ። ይቆማል።

6. ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ። አረፋውን እንደገና ቀባ። ባዶ ቆዳ ላይ አንድ ጊዜም ቢሆን አትድገም። በመጀመሪያው ወር ሁለተኛውንም ዙር በፀጉሩ አቅጣጫ ሂድ። ቆዳህ ሲለምድ በጎን መሞከር ትችላለህ። በተቃራኒው መላጨት ግን ፀጉሩ ለሚጠቀለል ሰው አልመክርም። ፊትህ እንደ ሕፃን አይለሰልስም፤ በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር ይላል። ያች ትንሽ ሻካራነት ናት ችፍታውን የምትከለክለው። ከአንድ ሜትር ርቀት ደግሞ ማንም አያያትም።

7. ጨርስ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ። ፎጣውን መታ መታ አድርገህ አድርቅ፤ አትፈትግ። ሽቶ የሌለው ሎሽን በስሱ ቀባ። ፀጉር ቤት የሚረጩብን አልኮል ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ያደርቀዋልም። በራስህ ንጹሕ ምላጭ ቤትህ ከላጨህ አያስፈልግህም።

አያያዝ

መላጫዋን በውሃ አጥበህ፣ ውሃውን አራግፈህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ። ምላጩን በጨርቅ አትጥረግ፤ ስለቱም ይበላሻል፣ ጣትህም ይቆረጣል። ብሩሹን አጥበህ ፀጉሩ እንዲደርቅ አድርገህ አኑረው። ምላጩ መጎተት ከጀመረ አራት ጊዜ ሳይሞላውም ቀይረው። በአሥር ሳንቲም ነገር ፊትህን አትቅጣ።

መላጫህን ለማንም አታውስ። ለወንድምህም ቢሆን። ደም የነካው ስለት ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ፀጉር ቤት ስትሄድም ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይንህ እይ። ጥሩ ባለሙያ ወረቀቱን ሳይከፍት ምላጩን ለሁለት ሰብሮ፣ እያየኸው መላጫው ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ ከእኔ በፊት በነበረው ሰው ምላጭ ሊላጨኝ የጀመረ ገጥሞኛል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሚጣለው መላጫ ቦታው የት ነው?

ቦታ አለው። አውሮፕላን ስትሳፈር የብረቷን ምላጭ በእጅ ሻንጣ ይዘህ መግባት አይፈቀድልህም፤ ፕላስቲኩ ግን ብዙ ቦታ ያልፋል። ለሦስት ቀን መንገድ እኔም እሱን ነው የምይዘው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰውም ይሻላል። የታመመ ሰው ስትላጭም እንዲሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ በኤሌክትሪክ ማሽን ቢጠቀም ይመረጣል።

በፕላስቲኩ ከቀጠልክ ባለ አንድ ስለቱን ፈልግ። ከላይ የጻፍኩትን ማለስለሱን፣ አረፋውንና አቅጣጫውን እንዳለ ተከተል። ከሦስት ጊዜ በኋላ ጣለው። ካገኘሁት ጥቅም ግማሹ ከዝግጅቱ የመጣ ይመስለኛል፤ እሱ ደግሞ በነፃ ነው።

ችፍታ ያለበት ፊት ላይ አዲስ መላጫ አትጀምር። መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ሳምንት አትላጭ፤ ይረፍ። ተመልሶ የገባ ፀጉር ካየህ በጥፍርህ አትነካካው። መግል ከያዘ ወይም ጠባሳ ማበጥ ከጀመረ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ያለቀውን ምላጭ

ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ እንዲሁ አትጣለው። ቆሻሻ የሚያነሡት ልጆች እጅ አላቸው፤ ፌስታል ምላጭን አይከለክልም። አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እጠብ። አፉን በወፍራም ፕላስተር ደጋግመህ ዝጋና ምላጭ ብቻ የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ ተው። ያለቀውን ምላጭ እየጣልክ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጠው። ሲሞላ ቀዳዳውንም ዝጋና ላዩ ላይ «ምላጭ» ብለህ ጽፈህ አስወግድ። የእኔ ቆርቆሮ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስነቀንቀው ገና ግማሽ አልሞላም።